ጉርሻ ወይስ ደመወዝ?

ቋንቋ ምስክር ነው። አንድ ሕዝብ አንድን ነገር ምን ብሎ እንደ ጠራው ሲመረመር፣ ስለዚያ ነገር ምን ያስብ እንደ ነበር ፍንጭ ይገኛል። በምግብ ቤት፣ በሆቴል፣ በጸጉር ቤት ወይም በገዛ ደጃፋችን ላገለገለን ሰው ከሂሳቡ በላይ የምንተውለትን ገንዘብ ፈረንሳዮች «ለመጠጥ» ይሉታል። ጀርመኖች «የመጠጥ ገንዘብ»፣ ሩሲያውያን ደግሞ «ለሻይ» ይላሉ። ከፋርስ ተነሥቶ በቱርክና በዓረብ አገሮች የተዛመተው «ባክሺሽ» ሥሩ «መስጠት» ነው። በእኛም ዘንድ «የሻይ» የሚል አነጋገር አለ፤ ይሁንና ከጊዜ ብዛት ወደ ጉቦው ጠጋ ስላለ ስሙ ጎድፏል። ዋናው ስያሜያችን «ጉርሻ» ነው። ሌላው ዓለም አገልጋዩን ሲያጠጣ እኛ አጉርሰነዋል ማለት ነው።

ስያሜው ያምራል። ጥያቄውም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው። ለመሆኑ የማዕዱ ጉርሻና የሂሳቡ ጉርሻ አንድ ናቸውን? በማዕድ ዙሪያ የሚጎራረሱ ሰዎች አንድ መሶብ ከበው የተቀመጡ ናቸው። የዛሬው አጉራሽ የነገ ጎራሽ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፤ እምቢ ማለትም ነውር ነው። በሂሳቡ ጉርሻ ግን አንዱ ተቀምጧል፣ ሌላው ቆሟል። የቆመው የተቀመጠውን መልሶ ያጎርሳል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

እርግጥ ነው፣ በቀድሞው ዘመን በጌቶች ቤት ቆሞ ለሚያሳልፈው አሽከርም ጌታው ከማዕዱ ያጎርሰው ነበር። የዛሬው የሂሳብ ጉርሻ የቅርብ ዘመድ ይህኛው ሳይሆን አይቀርም። አሽከሩ ግን ቀለቡም ልብሱም ከጌታው ቤት ነበር። ጉርሻው የኑሮው ማጣፈጫ እንጂ ኑሮው አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ጉርሻ ከማጣፈጫነት አልፎ ኑሮ ወደ መሆን የተሻገረው እንዴት ነው? ሰጪውስ ሳያውቀው የማንን ዕዳ ይከፍላል? ለዚህ መልስ ለማግኘት ባሕር መሻገር ግድ ይላል፤ በጉዳዩ ላይ ብዙ የተከራከሩትና ክርክራቸውንም በሰነድ ያስቀሩት እንግሊዞችና አሜሪካውያን ናቸውና። (የውጭ አገሩን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የእንግሊዝ ሎሌዎች

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከአንድ መኳንንት ቤት ለምሳ የተጋበዘ ሰው ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲነሣ ሎሌዎቹ በሩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ኮቱን ያቀበለው፣ ባርኔጣውን የያዘው፣ ፈረሱን ያመጣው፣ ሁሉም የድርሻውን ይሻል። ኪሱ ያልሞላ እንግዳ ግብዣው ከራሱ ወጪ ይበልጥበት ስለ ነበር መጋበዝን እስከ መፍራት ደርሶ ነበር። ይህን ልማድ አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ጆናስ ሃንዌይ የተባለው ነጋዴና በጎ አድራጊ ይገኝበታል፤ በለንደን ጎዳና ጃንጥላ ይዞ በመታየት ከመጀመሪያዎቹ ወንዶች አንዱ እየተባለ የሚታወሰው ሰው ነው። በ1760 ግድም ከስኮትላንድ የተነሣ ጉርሻውን የማስቀረት እንቅስቃሴ ወደ እንግሊዝ ሲዘልቅ፣ በ1764 በለንደኑ የራንላ መናፈሻ ሎሌዎች በጌቶቻቸው ላይ ሁከት አስነሡ።

ሎሌዎቹ ስግብግቦች ነበሩ ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ጌቶቹ ደመወዛቸውን የቆረጡላቸው ከእንግዶች የሚያገኙትን ታሳቢ አድርገው ነበር። እንግዳው በሩ ላይ ሳንቲም ሲያወጣ የባለቤቱን የሎሌ ደመወዝ እያሟላ ነበር ማለት ነው። ነገሩ የገባቸው አንዳንድ ጌቶች ጉርሻው ሲቀር ደመወዙ እንዲጨመር ተስማምተዋል። ገና በዚያ ዘመን የክርክሩ እምብርት ይኸው ነበር፦ እንግዳው ደግ ነው ወይስ ደግ አይደለም ሳይሆን፣ ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው?

በነገራችን ላይ «ቲፕ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ፈጣን አገልግሎት ለማግኘት» ከሚል ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ነው፤ በለንደን ቡና ቤቶችም በሣጥን ላይ ተጽፎ ይቀመጥ ነበር የሚባለው ወሬ በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት የለውም። ቃሉ ከሌቦችና ከወሮበሎች የምሥጢር ቋንቋ የተገኘ ሲሆን «አቀብል» እንደ ማለት ነበር።

በባቡር ላይ የነበሩ «ጆርጆች»

ልማዱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሥር የሰደደው ከእርስ በርሱ ጦርነት ማብቂያ ከ1865 በኋላ ነው። አውሮፓን ጎብኝተው የተመለሱ ባለጸጎች የመኳንንቱን ወግ ይዘው ገቡ። ብዙ አሜሪካውያን ግን መጀመሪያ ላይ ጠሉት። ጌታና ሎሌ የሌለበት አገር መሥርተናል በሚሉ ሰዎች መካከል አንዱ እጁን ዘርግቶ ሌላው ሳንቲም ሲጥልለት ማየት ያሳፍር ነበር።

ነገር ግን በዚያው ወቅት ሌላ ነገርም ሆኗል። ከባርነት ነፃ የወጡ ሚሊዮኖች መሬትም ገንዘብም ሳይሰጣቸው ሥራ ፍለጋ ወጥተዋል። በ1867 ጆርጅ ፑልማን የመኝታ ፉርጎ ኩባንያውን ሲያቋቁም፣ በፉርጎዎቹ ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉ፣ ሻንጣ የሚሸከሙና ጫማ የሚጠርጉ አስተናጋጆች አድርጎ የቀጠረው እነዚህን ጥቁር ወንዶች ነበር። ደመወዛቸው ትንሽ ነበር፤ ቀሪውን ከተሳፋሪ ጉርሻ እንዲያገኙት ተተወ። የጫማ ቀለሙን እንኳ የሚገዙት ከኪሳቸው ነበር። ተሳፋሪዎች ስማቸውን ሳይጠይቁ ሁሉንም «ጆርጅ» ብለው ይጠሯቸው ነበር፤ በባርነት ዘመን ባሪያ በጌታው ስም እንደሚጠራው እነሱም በኩባንያው ባለቤት ስም ተጠሩ።

የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛና የአሠሪ ጉዳይ እንዲመረምር ያቆመው ኮሚሽን በ1915 የኩባንያውን ኃላፊዎች ጠየቀ። የአስተናጋጁ የወር ደመወዝ 27 ዶላር ከ50 ሳንቲም መሆኑ ታወቀ፤ አስተናጋጆቹ ያለ ጉርሻ መኖር እንደማይችሉም በግልጽ ወጣ። ቀርበው ከመሰከሩት ኃላፊዎች አንዱ ከ1897 እስከ 1911 የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበረው ሮበርት ቶድ ሊንከን ነበር። አዎን፣ የነፃነት አዋጁን ያወጀው የአብርሃም ሊንከን ልጅ ነው። አባት ነፃ ያወጣቸው ሰዎችና ልጆቻቸው፣ ልጁ በመራው ኩባንያ ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው ይኖሩ ነበር።

ጉርሻን በሕግ ለመከልከልም ተሞክሯል። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ1909 ጉርሻን የሚከለክል ሕግ አወጣች። እስከ 1915 ባሉት ዓመታት ሚሲሲፒ፣ አርካንሳስ፣ አዮዋ፣ ደቡብ ካሮላይናና ቴኔሲ ተከተሏት። ሕጎቹ ግን ዕድሜ አላገኙም፤ እስከ 1926 ሁሉም ቀርተዋል። ለምን? ጉርሻው ሲከለከል በምትኩ ደመወዝ እንዲጨምር ባለሀብቱን የሚያስገድድ አንቀጽ አልነበረባቸውም። ሰጪና ተቀባይን ቀጥቶ አሠሪውን የሚያልፍ ሕግ ተቀባዩን ከማስራብ በቀር ፋይዳ የለውም።

መንገዱን ያሳዩት ራሳቸው አስተናጋጆቹ ናቸው። በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር መሠረቱ። ራንዶልፍ ኋላ በ1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ታዋቂውን ንግግር ያሰማበትን የዋሽንግተን ሰልፍ የመሩት ሰው ናቸው። ማኅበሩ ገና በማለዳው፣ በ1927፣ ኩባንያው ሠራተኞቹን በጉርሻ እንዲተዳደሩ ማድረጉ እንዲመረመር ለሚመለከተው የመንግሥት ኮሚሽን አቤት አለ። ኮሚሽኑ በተከታዩ ዓመት «ይህን ለማየት ሥልጣን የለኝም» ብሎ መለሳቸው። እነሱ ግን አልተበተኑም። ከ12 ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ኩባንያው ውል ፈረመ። በወር እስከ 400 ሰዓት ይደርስ የነበረው ሥራቸው ወደ 240 ወረደ፤ ደመወዛቸውም አደገ። ተሳፋሪው ቸር ስለሆነ የመጣ ለውጥ አልነበረም፤ በማኅበርና በውል የተገኘ ነው።

ሕግ የሆነው ጉርሻ

ይሁንና የባቡሩ አስተናጋጆች ያገኙት ድል ለምግብ ቤት አስተናጋጆች አልደረሰም። በ1938 አሜሪካ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በሰዓት 25 ሳንቲም፣ ስትደነግግ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ከውጭ ቀሩ። በ1966 ሕጉ ሲሻሻል ተካተቱ፤ ግን በአንድ ብልሃት። አሠሪው ሠራተኛው ያገኘውን ጉርሻ ከዝቅተኛው ደመወዝ እስከ ግማሽ ድረስ እንደ ራሱ ክፍያ እንዲቆጥረው ተፈቀደለት። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ደንበኛው ለአስተናጋጁ የሰጠው አንድ ዶላር በሕግ ዓይን ለባለቤቱ የተደረገ ድጎማ ሆነ።

በ1991 ይህ ግማሽ ደመወዝ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ደረሰ። በ1996 ዝቅተኛው ደመወዝ ሲጨመር የጉርሻ ሠራተኞቹ ግን እዚያው 2.13 ላይ እንዲቆዩ ተወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ በፌዴራሉ ሕግ ንቅንቅ አላለም። አጠቃላዩ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ጉርሻው ልዩነቱን ካልሞላው አሠሪው እንዲሞላ ሕጉ ያዛል፤ አስተናጋጅ ግን አለቃውን «አሟላልኝ» ለማለት ምን ያህል እንደሚደፍር አንባቢ ይገምተው። ካሊፎርኒያን፣ ኦሬጎንንና ሚኒሶታን ጨምሮ ሰባት ክፍላተ ግዛት ይህን አሠራር አይቀበሉም፤ እዚያ አስተናጋጁ ሙሉ ደመወዙን ያገኛል፣ ጉርሻውም በላይ ይጨመርለታል። ምግብ ቤቶቻቸው ግን አልተዘጉም።

ይህ ክርክር የወገኖቻችንንም ደጃፍ አንኳኩቷል። በአሜሪካ ከሁሉ የሚበልጠው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚገኘው በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ በመኪና ማቆሚያ የሚሠራው፣ በሆቴልና በምግብ ቤት የሚያስተናግደው ወገን ብዙ ነው፤ ምግብ ቤት ከፍቶ የሚያስተዳድረውም እንዲሁ። በዚያች ከተማ በ2018 መራጮች የአስተናጋጆች ደመወዝ ደረጃ በደረጃ ከሌላው ጋር እንዲተካከል ወሰኑ፤ የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሻረው። በ2022 መራጮቹ በድጋሚ፣ በሰፊ ድምፅ፣ ወሰኑ፤ በ2025 ምክር ቤቱ እንደገና ገታ አደረገው። በክርክሩ ባለቤቶቹ «ወጪው ይዘጋናል» ሲሉ፣ ከአስተናጋጆቹም ወገን «በደኅና ምሽት የማገኘው ጉርሻ ከየትኛውም ደመወዝ ይበልጣል፣ አትንኩብኝ» ያሉ ነበሩ። ይህን አባባል መናቅ አይገባም። ነገር ግን የደኅናው ምሽት አስተናጋጅና ማክሰኞ ጠዋት ባዶ ወንበር የሚጠብቀው አስተናጋጅ አንድ አይደሉም።

ስልክ ውስጥ የገባው ጉርሻ

ዘመኑ ሲረቅ ጉርሻም ረቀቀ። ምግብ በእጅ ስልክ ታዝዞ በሞተር ሳይክል ወይም በብስክሌት እቤት ድረስ ሲመጣ ደንበኛው ጉርሻውን የሚሰጠው በመተግበሪያው በኩል ሆነ። ሰጪው ተቀባዩን አያየውም፤ በመካከላቸው ኩባንያው አለ። ከዚያ የሆነውን ፍርድ ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዝግበውታል። ዶርዳሽ የተባለው የአሜሪካ ምግብ አድራሽ ኩባንያ ለአድራሹ ለአንድ ጉዞ የሚያገኘውን ክፍያ አስቀድሞ ዋስትና ይሰጥና፣ ደንበኛው ጉርሻ ሲጨምር ኩባንያው ከራሱ የሚያወጣውን ይቀንስ ነበር። ደንበኛው አድራሹን ያጎረሰ ሲመስለው ኩባንያውን ያጎርስ ነበር ማለት ነው። ነገሩ በ2019 ሲጋለጥ ኩባንያው አሠራሩን ለወጠ። በ2020 ከዋሽንግተን ዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጋር በ2.5 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2025 ደግሞ ከኒው ዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ጋር በ16.75 ሚሊዮን ዶላር ጉዳዩን በስምምነት ጨረሰ። አማዞንም ከዕቃ አድራሾቹ ጉርሻ አስቀርቷል ተብሎ በ2021 ከ61 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመመለስ ተስማማ።

ይህ ሁሉ ከራንላ መናፈሻ ሁከት 250 ዓመት ያህል ርቆ የተፈጸመ ነው። ብልሃቱ ግን ያው ነው፤ እንግዳው ይከፍላል ብሎ ደመወዝን መቀነስ። የኒው ዮርክ ከተማ ለዚህ የሰጠችው መልስ ከጉርሻ ምክር ይልቅ ደመወዝ ነበር። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለመተግበሪያ ምግብ አድራሾች ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ መጀመሪያ 17 ዶላር ከ96 ሳንቲም፣ ወሰነች፤ ጉርሻው በዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

«ጉርሻ ከሌለ ማን በትጋት ያገለግላል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጃፓን ውስጥ ጉርሻ መስጠት ልማድ አይደለም፤ የአገልግሎታቸው ጥራት ግን በዓለም የታወቀ ነው። በአሜሪካም ማይክል ሊን የተባሉት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ባደረጉት ጥናት በአገልግሎቱ ጥራትና በጉርሻው መጠን መካከል ያለው ዝምድና እጅግ ደካማ መሆኑን አሳይተዋል። ሰው የሚሰጠው በአብዛኛው በልማዱ መጠን ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ

በአዲስ አበባ ሆቴል ከፍቶ ምግብ በሂሳብ መሸጥ የተለመደው ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ወዲህ ነው። «መልሱን ያዘው» የምትለው ቃል አብራ አድጋለች። ዛሬ ካፌው፣ ጸጉር ቤቱ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የመኪና እጥበቱ ሁሉ ጉርሻ ያውቃል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሞተርና በብስክሌት ምግብ የሚያደርሱ ወጣቶች ተጨምረዋል።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ከአሜሪካው የተለየ መንገድ መያዙ ልብ ሊባል ይገባል። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ ተብሎ እንደማይቆጠር ደንግገዋል። አሜሪካኖቹ ጉርሻውን የደመወዙ አካል አደረጉት፤ የእኛ ሕግ ከደመወዙ ለየው። መርሁ ቀና ነው፤ ሥራ ያሠራ ደመወዝ ይክፈል፣ የደንበኛው ስጦታ ለብቻው ይቆጠር ይላልና።

መርሁ ሙሉ የሚሆነው ግን ደመወዙ ራሱ ሰው የሚያኖር ሲሆን ነው። የ2011ዱ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው እያጠና የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ያዝዛል። ወለሉ በደንብ ባልተነጠፈበት ቦታ «ጉርሻ አለላችሁ አይደል?» እየተባለ መቅጠር ይመጣል። ያኔ የሕጉ ቀና መርህ ራሱ በሠራተኛው ላይ ይዞራል። እስቲ እናስላው። ኑሮዋን በአብዛኛው በጉርሻ የምትገፋ አስተናጋጅ ብትወልድ፣ የወሊድ ፈቃድ ክፍያዋ የሚታሰበው በደመወዟ ነው። ከሥራ ብትሰናበት የስንብት ክፍያዋም፣ ብታረጅ ጡረታዋም የሚሰሉት በዚያችው ትንሽ ደመወዝ ነው። ብትታመም ደግሞ ጉርሻው በዚያው ቀን ይቆማል። ጉርሻ ከቆመ ሰው ጋር እንጂ ከተኛ ሰው ጋር አይሄድም።

እንግዲህ እንስጥ ወይስ አንስጥ? በበኩሌ መልሴ እንስጥ የሚል ነው። የሥርዓቱን ጉድለት ለመቃወም ብሎ ጉርሻ መንፈግ የአሜሪካዎቹን ስድስት ክፍላተ ግዛት ስሕተት መድገም ነው፤ ዱላው የሚያርፈው በአገልጋዩ ላይ እንጂ በአሠሪው ላይ አይደለም። ዝናብ እየመታው፣ ትኩስ ምግብ ይዞ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ለወጣ ወጣት «መልሱን ያዘው» ማለት የሚጎዳን አይደለም። ሲቻልም በእጁ ቢሆን ይመረጣል።

ነገር ግን ስንሰጥ ዓይናችንን እንክፈት። በትልልቅ ሆቴሎች ሂሳብ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ ስናይ «ይህ ለሠራተኞቹ ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እንግሊዝ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ አሠሪዎች እንዲህ ያለውን ገንዘብ ሳይቀንሱ ለሠራተኞቻቸው እንዲያስረክቡ በሕግ አስገድዳለች። ምግብ ያመጣልንንም ልጅ «ኩባንያው እንዴት ነው የሚከፍላችሁ?» ብለን ብንጠይቀው ከብዙ ጽሑፍ የሚበልጥ እንማራለን። ጉርሻን መቅጫም አናድርገው፤ ወጥ ቤቱ ላዘገየው ምግብ አስተናጋጁን የሳምንት ታክሲውን መንፈግ ፍትሕ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰጠናት አሥር ብር የአሠሪውን ግዴታ እንደማታወርድ እንወቅ። የደመወዝ ወለል እንዲነጠፍ፣ አስተናጋጁና አድራሹ እንደ ባቡሩ «ጆርጆች» ተደራጅተው እንዲዋዋሉ መደገፍ ከጉርሻው የሚበልጥ ስጦታ ነው።

አያቶቻችን ለጉርሻ ያን ስም ሲያወጡለት ከፊታቸው ሙሉ መሶብ ነበር። ጉርሻ ፍቅር የሚሆነው እንጀራው ሲኖር ነው። እንጀራው ከሌለ ጉርሻው ልመና ይሆናል፤ ልማኛው ደግሞ ሙሉ ቀን ቆሞ ሲሠራ የዋለ ሰው ነው።